ያረጀችን ቮልስዋገን በቤት ስለ መጠበቅና ስለ ማሻሻል

በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር

ዛሬ ላነጋግራችሁ ያሰብሁት በብዙ ግቢ ውስጥ ጥግ ይዛ ስለምትገኝ አንዲት አሮጌ አውቶሞቢል፥ ማለትም ስለ ቮልስዋገን ነው። ንግግሬም በተለይ የሚመለከተው ሳምንቱን በቢሮ ውሎ፥ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ወይም በዕረፍት ቀኑ ጥቂት ሰዓት የሚያገኘውን የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ይህ ሰው መካኒክ አይደለም፤ ነገር ግን መዝገብን በሥርዓት መያዝ፥ ቀጠሮን ማክበር፥ የተጻፈ መመሪያን አንብቦ መፈጸም የለመደ ነው። አሮጌ አውቶሞቢልም ከባለቤቷ የምትፈልገው ከጉልበት ይልቅ ይህንኑ ልማድ ነው።

ጉዳዩ የመዝናኛ ብቻ አይደለም። አዲስ አውቶሞቢል መግዛት ከደመወዝተኛ አቅም በላይ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ስለ ከለከለ፥ በእጅ ያለውን ጠብቆ ማቈየት ከቀድሞው ይልቅ ተፈላጊ ሆኗል። ከዚህም በላይ በዚህች አሮጌ አውቶሞቢል የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ልጆቻችን ናቸው። እንግዲህ ነገሩ የኪስም፥ የሕይወትም ጉዳይ ነው።

ሐሳቤን በአጭሩ አስቀድሜ ልግለጽ፤ መጠበቅ ከማሻሻል ይቀድማል። ማሻሻል ከተገባም ለዓይን ከሚያምረው ይልቅ ሕይወትን የሚያድነው ይቀድማል። ይህን ቅደም ተከተል የሚያፋልስ ሰው ገንዘቡን አፍስሶ አደጋን ይገዛል።

ስለ አውቶሞቢሊቱ ጥቂት ልበል። የፋብሪካውን ታሪክ የሚመለከቱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸው ይታወቅልኝ። ቮልስዋገን በጀርመን አገር የታቀደችው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ቢሆንም፥ ለሕዝብ በብዛት የተሠራችው ከጦርነቱ በኋላ ነው። በ1972 የተሠሩት ቍጥር 15,007,034 ሲደርስ የአሜሪካውን የፎርድ ሞዴል ቲ በለጠች። በ2003 የመጨረሻዪቱ በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ ከፋብሪካ ስትወጣ ድምሩ 21,529,464 ነበር። በእኛም አገር ታሪክ ውስጥ ስፍራ አላት፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን በወረዱ ጊዜ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን እንደ ነበረ ይታወሳል።

ይህች አውቶሞቢል ለቤት ሥራ የምትመች የሆነችው ከአሠራሯ የተነሣ ነው። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ውሃም ራዲያተርም የላትም። ሞተሩ ከማርሽ ቤቱ ጋር የተያያዘው በአራት ብሎኖች ብቻ ነው። የጭቃ መከላከያዎቿም በብሎን የታሰሩ ስለሆኑ፥ አንዱ ቢጐዳ ብቻውን ይፈታል። ነገር ግን ቀላል መሆኗ ችላ ለመባል ምክንያት አይሆንም፤ አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነውና።

ከሁሉ አስቀድሞ ዘይት። የቮልስዋገን ሞተር የሚቀዘቅዘው በነፋስና በራሱ ዘይት ነው። የሚይዘው ዘይት ግን 2.5 ሊትር ብቻ ሲሆን፥ እንደ ዘመኑ አውቶሞቢሎች የወረቀት ማጣሪያ የለውም፤ ያለው ከሥሩ በስድስት ትናንሽ ዳዶዎች የታሰረ የሽቦ ወንፊት ነው። ወንፊት ጕልሁን ቆሻሻ ይይዛል እንጂ ደቃቁን አያስቀርም። ስለዚህ እውነተኛው ማጣሪያ ዘይቱን በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መለወጥ ነው፤ በአቧራማ መንገድ የሚነዳ ሰው ከዚያም አስቀድሞ ይለውጥ። ዘይቱ ሞቅ እንዳለ ይቀዳል፤ ወንፊቱ በናፍጣ ይታጠባል፤ ጓርኒሲዮኖቹ በአዲስ ይተካሉ። ዳዶዎቹን ሲመልሱ ኀይል ማብዛት አይገባም፤ ብሎኖቹ ቀጫጭን ስለሆኑ ጥርሳቸው ቶሎ ይበላል። የወጣውም ዘይት በጀሪካን ይጠራቀም እንጂ ወደ ቦይ አይደፋ።

ሁለተኛው ቺንጋ ነው። ዲናሞውንና የማቀዝቀዣውን ማራገቢያ የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው። ስለዚህ በመንገድ ላይ የዲናሞው መብራት ድንገት ቢበራ፥ «ባትሪው ቤት እስክደርስ ይበቃኛል» ብሎ መንዳት ትልቅ ስሕተት ነው። ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ነፋሱም ቆሟልና፥ ወዲያው ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት ይገባል። ደኅና ቺንጋ በአውራ ጣት ሲጫኑት 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረግባል። ልኩ የሚስተካከለው በፑሌጃው ሁለት ገጾች መካከል ያሉትን ሮንዴላዎች በመቀነስ ወይም በመጨመር ነው፤ ከመካከል የወጣው ሮንዴላ በፑሌጃው ውጭ ይቀመጣል እንጂ አይጣልም። ሞተሩን የከበቡትን ላሜራዎችና የጎማ ክፈፎችም የማይጠቅሙ መስሏቸው አውጥተው የሚጥሉ አሉ። እነዚህ ከሥር ያለው የጋለ አየር ተመልሶ ወደ ማራገቢያው እንዳይሳብ የሚከለክሉ ግድግዳዎች ናቸው፤ ሲጐድሉ ሞተሩ በራሱ ትኵሳት ይቃጠላል።

ሦስተኛው የቫልቮች ክፍተት ነው። ይህ የሚለካው ሞተሩ ፈጽሞ ቀዝቅዞ፥ ይልቁንም ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ ነው። በ1300፥ በ1500ና በ1600 ሞተሮች ላይ የተለመደው ልክ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከእነዚህ የቀደሙት ሞተሮች ግን ሌላ ልክ ሊኖራቸው ስለሚችል የአውቶሞቢሊቱን መጽሐፍ መመልከት ያስፈልጋል። መለኪያው ቅጠል የመሰለ ቀጭን ብረት ነው፤ በክፍተቱ ውስጥ ጥቂት እየተያዘ ማለፍ አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ክፍተቱ የሰፋ ቫልቭ ይንኳኳል፤ ባለቤቱም ሰምቶ ይደነግጣል። ክፍተቱ የጠበበ ቫልቭ ግን ድምፅ የለውም፤ በደንብ ስለማይዘጋ በዝምታ ይቃጠላል። በተለይ ከ1971 በፊት በተሠሩት ሞተሮች ሦስተኛው ሲሊንደር፥ የዘይት ማቀዝቀዣው ነፋሱን ስለሚከልልበት፥ ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል። እንግዲህ የሚንኳኳው ብቻ ሳይሆን ዝም ያለውም ይመርመር። በዚያው ቀን የፑንቲናው ክፍተት 0.4፥ የካንዴላዎቹም 0.7 ሚሊ ሜትር መሆኑን ማየት ሥራውን ሙሉ ያደርገዋል።

በአዲስ አበባ ለምንኖር ሰዎች አንድ የተለየ ጉዳይ አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች፥ አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በዝቅተኛ አገር የተለካ ካርቡራቶር እዚህ ሲመጣ ለአየሩ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጣል። ምልክቱም ካንዴላው ጥላሸት መልበሱ፥ ከማርሚታው ጥቍር ጭስ መውጣቱና ቤንዚን ቶሎ ማለቁ ነው። መድኃኒቱ በካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳማ የነሐስ ብሎን ቀዳዳው በጠበበ መለወጥ ነው። ሆኖም ወደ ቈላ ወርዶ ረጅም መንገድ የሚነዳ ሰው የቀድሞውን መመለስ አለበት፤ እዚያ ቤንዚን ሲያንስ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላልና።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እመጣለሁ፤ እርሱም እሳት ነው። የቮልስዋገን ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላው ወንበር ሥር ነው። መከለያው የጠፋ እንደ ሆነ፥ ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ በባትሪው ጫፎች ላይ ያርፍና ብልጭታ ይፈጥራል፤ የወንበሩም መሙያ በቀላሉ ይቀጣጠላል። ይህን የሚከለክለው ዋጋው እጅግ ትንሽ የሆነ መከለያ ነው። እንዲሁም በሞተሩ ክፍል ያሉት የቤንዚን ቱቦዎች ጎማ ስለሆኑ በሙቀት ይደርቃሉ፤ ይሰነጠቃሉም። ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ ሲንጠባጠብ የሚሆነውን መናገር አያሻም። የሞተሩ አካል ማግኒዚየም ካለበት ብረት የተሠራ ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ በውሃ ለማጥፋት መሞከር ያባብሰዋል። ስለዚህ ቱቦዎቹን በየጊዜው መለወጥ፥ ጫፋቸውንም በማሰሪያ ማጥበቅ፥ ከሹፌሩ ወንበር አጠገብም የእሳት ማጥፊያ ማስቀመጥ ግዴታ ነው።

ክረምት ሲወጣ ምንጣፉን አንሥቶ ወለሉን፥ በተለይም የባትሪውን ስፍራ ማየት ይገባል፤ ዝገት ከምንጣፍ ሥር ተደብቆ ይበላልና። ወደ ውስጥ የሚገባው የማሞቂያ አየርም በጭስ ማውጫው ዙሪያ አልፎ የሚመጣ ነው። ያ ክፍል ከተበሳ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ቀለምም ሽታም የሌለው መርዝ ወደ ተሳፋሪዎቹ ይደርሳል። በውርጭ ጧት ማሞቂያ ከፍቶ ራሱን የሚያመው ሰው ምክንያቱን በብርዱ ላይ ከማሳበቡ በፊት ይህን ያስመርምር።

ክቡራን አድማጮች፤ ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ማሻሻልን ማሰብ ይቻላል። የመጀመሪያው ማሻሻያ ፍሬን ነው። በቀደሙት ቮልስዋገኖች አራቱም ጎማዎች የሚያዙት በአንድ የፍሬን ዘይት መስመር ነው፤ አንድ ቱቦ ቢፈነዳ ፍሬኑ በሙሉ ይጠፋል። ስለዚህ በሁለት የተከፈለ መስመርና ለዚያ የሚሆን ዋና የፍሬን ፓምፕ ማስገባት ከማናቸውም ጌጥ ይበልጣል። ፋብሪካው ራሱ ከ1966 ጀምሮ በ1500ው ላይ ለፊት ጎማዎች የዲስክ ፍሬን ስለ ሰጠ፥ ይህም ለአሮጌዋ ባዕድ ያልሆነ ማሻሻያ ነው። ሁለተኛው የወንበር ቀበቶ ነው፤ እርሱም ከጠንካራ አካል ጋር በማጠናከሪያ ላሜራ ይታሰር እንጂ በዛገ ወለል ላይ አይቸከል።

ሦስተኛው መብራት ነው። አሮጌዎቹ በ6 ቮልት የሚሠሩ ስለሆኑ ሌሊት መንገዱን በደንብ አያሳዩም። ወደ 12 ቮልት ሲለወጡ ባትሪውን፥ ዲናሞውን ከመቈጣጠሪያው ጋር፥ ቦቢናውን፥ አምፑሎቹንና የፍሬቻውን ማብሪያ አብሮ መለወጥ ያስፈልጋል፤ ባትሪ ብቻ ቀይሮ መሄድ ሌላውን ሁሉ ማቃጠል ነው። የቀድሞው ሽቦ ወፍራም ስለሆነ ካልደረቀና ካልተላጠ ያገለግላል። በፑንቲናው ፈንታ በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚገባው የኤሌክትሮኒክ መሣሪያም ድካምን ይቀንሳል፤ ቢሆንም የቀድሞውን ፑንቲና በመኪናው ውስጥ ማስቀመጥ ብልኅነት ነው።

ከዚህ ወጥቶ ሞተሩን ማሳደግ፥ አውቶሞቢሊቱን ዝቅ ማድረግ፥ ማርሚታውን ማስጮኽ ግን አይመከርም። በታምቡር ፍሬን ላይ ፍጥነት መጨመር ማሻሻል አይባልም። በ2019 ፋብሪካው ከአንድ የጀርመን ድርጅት ጋር ሆኖ በኤሌክትሪክ የምትሄድ አሮጌ ቮልስዋገን አሳይቷል፤ ነገሩ የሚያስደስት ቢሆንም በግቢ ውስጥ የሚሞከር ሥራ አይደለም።

በመጨረሻ ስለ ሠሪው ደኅንነት ላሳስብ። በክሪክ ብቻ በተነሣች አውቶሞቢል ሥር ፈጽሞ መግባት አይገባም፤ ጠንካራ የብረት ድጋፍ ከሥሯ ይቁም፥ መሬት የነኩት ጎማዎችም በድንጋይ ይታገዱ። የፍሬንና የመሪ ሥራ በባለቤቱ እጅ የተሠራ እንደ ሆነ፥ ከመነዳቱ በፊት የሠለጠነ መካኒክ ይየው። ለአውቶሞቢሊቱም አንድ ደብተር ይከፈትላት፤ ዘይት የተለወጠበት ቀንና ኪሎ ሜትር፥ የተገዛው ዕቃና ዋጋው ይመዝገብበት። የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ በጥንቃቄ የሚይዝ ሰው የራሱን ልጆች ስለሚያሳፍርበት ነገር መዝገብ ቢያጣ ያስነቅፋል። ደብተሩን ልጆቹ አብረው እየጻፉ፥ ካቻቢቴና ፒንሳ እያቀበሉ ቢያድጉ ደግሞ ዕውቀቱ ከአውቶሞቢሊቱ ጋር ይወረሳል፤ ያለ ዕውቀቱ የምትወረስ አውቶሞቢል ላሜራ ብቻ ናትና።