ሕፃኑን በጀርባው፣ ፊቱን ገልጠን፣ ለብቻው እናስተኛ

(በሠፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያሰማው ንግግር፤ ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲነበብ የተለጠፈ።)



 የዛሬው ጉዳያችን የቦይ ጠረጋና የወር መዋጮ ብቻ አይደለም። ስለ ሕፃናት አተኛኘት ጥቂት እንድናገር ኮሚቴው ወስኗል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። የምናገረው የጤና ጣቢያ ነርስ ጠይቄ፣ ደጋግመው አስረድተውኝ በወረቀት ያሰፈርኩትን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማታ ደህና ጡት ጠብቶ የተኛ፣ ትኩሳትም ተቅማጥም ያልነበረው ሕፃን ጠዋት ሞቶ ይገኛል። ይህ በኛ ሠፈር ብቻ የመጣ መዓት አይደለም፤ በዓለም ሁሉ አለ። ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ተሰብስበው ስም አወጡለት። በኛ ቋንቋ ድንገተኛ የሕፃናት ሞት ልንለው እንችላለን። ዛሬ ትርጉሙ ይኸውም ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ሕፃን በድንገት ሞቶ፣ ሬሳው ተመርምሮ፣ የተኛበት ቦታ ታይቶ፣ የጤናው ታሪክ ተጠይቆ፣ ምክንያቱ ሳይገኝ ሲቀር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ወር ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ከመቶው ዘጠና ያህሉ ከስድስት ወር በፊት ነው።

“ምክንያቱ ካልታወቀ ታዲያ ምን እናድርግ?” ትሉ ይሆናል። ምክንያቱ ባይታወቅም የሚያባብሰው ነገር ታውቋል። ዋነኛው ሕፃንን በሆዱ ደፍቶ ማስተኛት ነው።

በሆድ ማስተኛት የመጣው ካልተማረ ሰው አይደለም። ቤንጃሚን ስፖክ የሚባሉ ዝነኛ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪም፣ እ.ኤ.አ. በ1958 በታተመው መጽሐፋቸው፣ ሕፃኑ ቢያስመልስ እንዳይታነቅ በሆዱ ይተኛ ብለው መክረው ነበር። ብዙ እናቶችም ተከተሏቸው። በኋላ ሲጠና ነገሩ ተቃራኒው ሆኖ ተገኘ። ኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1987፣ እንግሊዝ በ1991፣ አሜሪካ በ1994 “ሕፃናትን በጀርባ አስተኙ” እያሉ ለሕዝባቸው አስታወቁ። በአሜሪካ በአሥር ዓመት ውስጥ ይህ ሞት በግማሽ ያህል ቀነሰ። አዲስ መድኃኒት አልተገዛም፤ ማሽን አልመጣም። ሕፃኑን ገልበጥ አድርጎ በጀርባው ማስተኛት ብቻ ነው።

አያቶች “በጀርባው ከተኛ ሲያቀረሽ ያንቀዋል” ይላሉ። ስጋቱ ከፍቅር የመጣ ስለሆነ መልስ ይገባዋል። ሕፃኑ በጀርባው ሲተኛ የትንፋሹ ቧንቧ ከላይ፣ የምግቡ ቧንቧ ከታች ይሆናል። ስለዚህ ያቀረሸው ወተት ተመልሶ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ወደ ትንፋሹ አይወጣም። በሆዱ ሲደፋ ግን የትንፋሹ ቧንቧ ከታች ስለሚሆን ያቀረሸው በአፉ ላይ ይጠራቀማል። በጎን ማስተኛትም አይበጅም፤ ትንሽ ሲንቀሳቀስ በሆዱ ይደፋል።

እንግዲህ በኛ ቤት እንዴት ይሆናል? ቤታችን አንድ ክፍል፣ አልጋችን አንድ መሆኑን አውቃለሁ። ለባለ ፎቅ ቤት የሚሆን ምክር አልሰጥም። የሚቻለው የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ለቀን እንቅልፍም ለሌሊትም ሕፃኑ አንድ ዓመት እስኪሞላው በጀርባው ይተኛ። ራሱ ወዲያና ወዲህ መገላበጥ ከቻለ ሌሊት ተነሥታችሁ መመለስ የለባችሁም። ነቅቶ ሲጫወት፣ ሰው እያየው፣ በሆዱ ቢሆን ግን አንገቱን ያጠነክርለታል።

ሁለተኛ፣ ከእናቱ ጋር በአንድ ክፍል፣ ነገር ግን በራሱ መኝታ ይተኛ። መኝታው ጠፍጣፋ፣ ጠንካራና የማይሰረጉድ ይሁን። ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ አሻንጉሊት አጠገቡ አይኑር። የኒው ዚላንድ ማኦሪዎች እንደኛ ከልጃቸው ጋር መተኛት የሚወዱ ሕዝብ ናቸው። እነሱ ከተክል ቅጠል የሚሠራ ቅርጫት ለሕፃኑ ሠርተው ከወላጆቹ አልጋ ላይ ያስቀምጡታል፤ አጠገባቸው ሆኖም የራሱ ቦታ አለው። ቅርጫት መሥራት ለኛ እናቶች እንግዳ ሙያ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ሌላ መኝታ ጭራሽ ከሌለ፣ ሕፃኑ ከጋቢውና ከትራሱ ራቅ ይበል፤ በታላላቆቹ መካከል አይጣል። ጠላ፣ ጠጅ ወይም አረቄ የጠጣ ሰው፣ አባትም ይሁን እናት፣ ከሕፃን ጋር በአንድ አልጋ አይተኛ። ሶፋ ላይ ሕፃን ታቅፎ ማንቀላፋት ከአልጋ የባሰ አደገኛ ነው።

አራተኛ፣ ፊቱ አይሸፈን። ዓይን እንዳይበላው፣ ብርድ እንዳይመታው እያልን በነጠላ እንሸፍነዋለን። ዝንብና ትንኝ ካስቸገረ አጎበር ይሻላል። ቆቡም ቤት ውስጥ ሲተኛ ይውለቅ። ሙቀት መብዛቱም ራሱ አደጋ ነው። እጃችሁን በደረቱና በማጅራቱ አስገብታችሁ ዳስሱት፤ ካላበው አንድ ልብስ ቀንሱለት።

አምስተኛ፣ ሕፃን ባለበት ቤት ሲጋራ አይጨስ። ነፍሰ ጡርም ከጭሱ ትራቅ። ጡት ማጥባት ግን አደጋውን ይቀንሳል።

ስድስተኛ፣ ከሰል። ይህ ከላይ ካልኩት የተለየ ሞት ነው፤ ምክንያቱ በግልጽ የታወቀ ነው። በዝግ ቤት የሚነድ ከሰል ሽታ የሌለው መርዝ አየር ያወጣል። ሕፃኑንም አዋቂውንም ይገድላል። ቡናው ሲያበቃ ምድጃው ከነፍሙ ወደ ውጭ ይውጣ።

አሁን ከባዱን ነገር ልናገር። ባለፈው ክረምት ከሠፈራችን አንድ የሦስት ወር ሕፃን ቀብረናል። ይህን የማነሣው እናቲቱን አስፈቅጄ ነው፤ ስሟን አልጠራም። በእድራችን ለሕፃን ድንኳን አይተከልም። ሰው ከቀብር መልስ ወደየቤቱ ገባ፤ ለእሷ የቀረላት ወሬ ነው። ከቦኖው ዘንድ አንዱ “ተኝታበት ነው” አለ። ሌላው “ክትባቱ ነው” አለ።

የክትባቱን ነርሷ አስረድተውኛል። በአገራችን ሕፃን በስድስት፣ በአሥርና በአሥራ አራት ሳምንቱ ይከተባል። ይህ ሞት የሚበዛበት ዕድሜም ያው ነው። ስለዚህ ሁለቱ ቢገጣጠሙ አይገርምም። ተጠንቶ ክትባት የዚህ ሞት ምክንያት እንዳልሆነ ተረጋግጧል። ክትባት የቀረበት ልጅ ግን ለኩፍኝና ለትክትክ ይጋለጣል።

“ተኝታበት ነው” ለሚለውስ? ያ ሬሳ አልተመረመረም። ስለዚህ ሐኪም እንኳ ምን እንደገደለው ሊናገር አይችልም። ሐኪም ያልቻለውን ፍርድ እኛ ባልዲ ይዘን ቆመን እንዴት እንሰጣለን? ያች እናት ዛሬም ጎረቤታችን ናት። ውኃ ልትቀዳ የምትወጣው ግን ሰው ሲያንስ፣ ሲመሽ ጠብቃ ነው። ልጅ የሞተባት ሳያንስ ሠፈርም ይሙትባት ወይ? ኧረ ይህስ አይገባም።

ስለዚህ ኮሚቴው ሁለት ነገር ይጠይቃችኋል። አንደኛው፣ አራስ ልትጠይቁ ስትሄዱ ከገንፎው ጋር ይህን ቃል ይዛችሁ ሂዱ፤ በተለይ አያቶች፣ አራስ ቤት የሚሰማው የእናንተ ነውና። አባቶችም ይህን የሴት ጉዳይ ነው ብላችሁ አትተዉት። ሁለተኛው፣ ልጅ የሞተባትን እናት ሂዳችሁ ቡና አፍሉላት፣ አብራችኋት ተቀመጡ፣ ስለ ልጇ ልታወራ ብትወድ አዳምጧት። ምን አደረግሽ ብላችሁ ግን አትጠይቋት።

በጀርባው፣ ፊቱ ተገልጦ፣ ለብቻው። ማንበብ የማይችል ጎረቤት ያላችሁ ይህን አንብቡለት። 

የማኅበሩ ጸሐፊ