ኢንጂነር መሆን ሥራ ማግኘት ነው?

እሷ፦ መርጡለ ማርያምና አካባቢዋ ያላችሁ አድማጮቻችን፣ ኢንጂነሪንግ ተምሮ ዛሬ ሥራ ይገኛል?

እሱ፦ ድሮማ ይጠየቃል እንዴ! «ልጄ ኢንጂነር ነው» ከተባለ አለቀ።

እሷ፦ ታዲያ ምን መጣ?

እሱ፦ ምሩቁ በዛ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ሰባ ሠላሳ የሚባለው ፖሊሲ መጣ፤ ከ100 ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ተባለ። ትልቁን ድርሻ ኢንጂነሪንግ ወሰደ።

እሷ፦ አገሩም መሐንዲስ ይፈልግ ነበር እኮ። መንገዱ፣ ኮንዶሚኒየሙ፣ ግድቡ…

እሱ፦ ልክ ነሽ። ግንባታው ሲቀዘቅዝ ግን ተመራቂው አልቀነሰም። ሲሚንቶ ተወደደ፤ በእኛ በአማራ ክልል ደግሞ ጦርነት ተጨመረበት።

እሷ፦ ማስታወቂያ ሰሌዳውንስ አይተኸዋል? «ሲቪል ምህንድስና፣ ብዛት 1፣ የሥራ ልምድ 2 ዓመት።» ልምዱን ከየት ያምጣው?

እሱ፦ «ዜሮ ዓመት» የሚል ከወጣማ ሰልፉ አይጣል ነው!

እሷ፦ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተናም አለ።

እሱ፦ እሱን እንኳ እደግፋለሁ። ያወቀውን ካላወቀው ይለያል።

እሷ፦ ይለያል፤ ሥራ ግን አይፈጥርም።

እሱ፦ ታዲያ ልጆቹ ተስፋ ይቁረጡ?

እሷ፦ ኧረ በጭራሽ! የኤሌክትሪካሉ የሶላር ፓምፕ ቢገጥም፣ የመካኒካሉ የጤፍ መውቂያ ቢጠግን፣ እዚሁ እነብሴ ሳር ምድር ወረዳችን ውስጥ ደንበኛ ያገኛል።

እሱ፦ በምን ገንዘብ? አበዳሪው መጀመሪያ የሚለው «መያዣ አምጣ» ነው።

እሷ፦ እዚህ ላይ ተረታሁ። ለምሩቅ መያዣው ምን ይሁን? አድማጮች፣ እስኪ ደውሉና ንገሩን።