ከቀለሙ በፊት ፍሬኑን

(በማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ከሙያሽ ውጭ ስለሆነ ነገር ዐሥር ደቂቃ ተናገሪ» ሲለኝ ብዙ አላሰብኩም። ስለ መኪናዬ እናገራለሁ አልኩ። ውጭ ከቆሙት መኪኖች መካከል ነጯ ኮሮላ የኔ ናት። ሞዴሏ በፈረንጆች 1998 ነው። ሬዚደንት ሳለሁ የገዛኋት ናት፤ እስከ ዛሬም አብረን አለን።

«ለምን አትቀይሪያትም?» የምትሉኝ አላችሁ። መልሱን እናንተም ታውቁታላችሁ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ ሰቀለው። በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ወጣ። የሐኪም ደሞዝ ደግሞ፣ ምን ልበላችሁ፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ለማንም ማስረዳት አያስፈልገኝም። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ነው፦ ያለችንን መኪና በያዝነው ገንዘብ እንዴት እናኑራት?

ትምህርቱን ያገኘሁት በስሕተት ነው። ስሕተቱም የራሴ ነው።

በ2009 ጥር ላይ የእህቴ ሰርግ ነበር። መኪናዋ አጃቢ ስለነበረች ሙሉ ቀለም አስቀባኋት። ያኔ መካኒኬ «ዶክተር፣ የፊት ፍሬን ሸራው አልቋል፤ የፍሬን ዘይቱም ጠቁሯል» ብሎኝ ነበር። ገንዘቡ ግን ለቀለም ወጥቷል። «ከፋሲካ በኋላ እናየዋለን» አልኩት። ይህችን «ከፋሲካ በኋላ» ከታካሚዎቻችን አፍ ስንቴ ሰምተናታል!

ለፋሲካ እናቴንና ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ወደ ደብረ ማርቆስ ጉዞ ጀመርን። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። እኔ በከፍተኛ ማርሽ፣ ፍሬን እየረገጥኩ እወርዳለሁ። ግማሽ ሳንደርስ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ትንሽ ቆይቶ ፔዳሉ ላላ፤ ቀጥሎ እስከ ወለሉ ሰመጠ። ማርሹን ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያ ወደ አንደኛ አወረድኩ። ሞተሩ ጮኸ። የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ እየሳብኩ በተራራው ወገን ባለው ዳር አቆምኳት። እጄ መንቀጥቀጥ የጀመረው ከቆምን በኋላ ነው።

አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ቆሞ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገባልን። «እህቴ፣ ዓባይ በረሃ በፍሬን አይወረድም፤ በማርሽ ነው» አለኝ። እናቴ ወረደችና መኪናዋን ዙሪያዋን አየቻት። «ቀለሙስ አምሮባታል» አለች። ሌላ አልተናገረችም።

ፍሬኑ እስኪበርድ ጠብቀን፣ ዞረን ቀስ ብለን ወደ ጎሐ ጽዮን ወጣን። እዚያ አድረን፣ በማግሥቱ ሸራና ዘይት ከፍቼ አስመጥተን ተቀየረ። ጠቅላላ ወጪው ከቀለሙ ሩብ አይሞላም ነበር።

ለምን እንደሆነ በኋላ ተማርኩ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን 140 አካባቢ ሊፈላ ይችላል። በረጅም ቁልቁለት ሙቀቱ እዚያ ይደርሳል። ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል። ፈሳሽ ሲጫኑት አይታመቅም፣ እንፋሎት ግን ይታመቃል፤ ስለዚህ ፔዳሉ ይሰምጣል። መፍትሔው በየሁለት ዓመቱ ዘይቱን መቀየር ነው። በቃ።

ከዚያ ወዲህ የምከተለው ቅደም ተከተል ድንገተኛ ክፍል የተማርነው ነው። አንደኛ ሰው የሚገድለው፦ ፍሬን፣ ጎማ፣ የመሪ ቴስቲኒ፣ መብራት። ሁለተኛ ሞተር የሚገድለው፦ የሞተር ዘይት ከነፊልትሮው፣ የራዲያተር ውኃ፣ ታይሚንግ ቤልት። ሦስተኛ ሌላው ሁሉ፦ ቀለም፣ ቴፕ፣ የተሰነጠቀ ፓራውልት። ገንዘብ ሲያጥር ከታች ይቀነሳል እንጂ ከላይ አይነካም። ቦሎ ስላገኘን ብቻ መኪናዋ ጤነኛ ናት ማለትም አይደለም። ምርመራው በዓመት አንድ ቀን ነው፤ እኛ የምንነዳት በየቀኑ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ምርመራ ነው። አንድ ሰሞን መኪናዋ ሙቀት ትጨምር ጀመር። አንዱ መካኒክ ራዲያተሩን አሳጠበ። ሌላው የውኃ ፓምፑን ለወጠ። ሦስተኛው «ቴስታታው ይውረድ» አለ። ሦስቱም ከመፍታታቸው በፊት አንድ ጥያቄ አልጠየቁኝም፤ እኔም ታካሚ ሆኜ ዝም አልኩ። ከፊት ረድፍ የተቀመጣችሁ መምህራኖቻችን ዋርድ ላይ እንዲህ ብናደርግ ምን እንደምትሉን አውቃለሁ።

ታሪክ መውሰድ እዚህም ይሠራል። ትራፊክ ላይ ቆማ ሞቃ፣ ስትሄድ የምትበርድ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የራዲያተሩ ፋን ነው። ረጅም ዳገት ላይ የምትሞቅ ከሆነ የተደፈነ ራዲያተር ወይም የደከመ ፓምፕ ይሆናል። ውኃ ሳይንጠባጠብ እየጎደለ፣ ጭሱ ነጭ ሆኖ፣ ዘይቱ እንደ ማኪያቶ ከነጣ፣ ያኔ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው ብንል ያስኬዳል። የኔዋ ከነዚህ አንዱም አልነበረም። የራዲያተሩ ክዳን ነበር።

ክዳኑ ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሞተር ደግሞ ከዚያ ብዙም ባልራቀ ሙቀት ነው የሚሠራው። ግፊቱን ይዞ ውኃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ያ ክዳን ነው። ላስቲኩ ሲደርቅ ግፊቱ ያመልጣል፣ ውኃውም ይፈላል። «ቴርሞስታቱን አውጥተን እንጣለው» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁም እምቢ በሉ። ያለሱ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ነዳጅ ይበላል፣ ያለጊዜው ያልቃል። አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ የሞቀ ራዲያተር አትክፈቱ። ፊታቸውና ክንዳቸው ተቃጥሎ የመጡ ሰዎችን አክሜያለሁ።

ስለ ዕቃ ግዢም ትንሽ ልበል። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃ መግዛት ነውር የለውም። ስፖኪዮ፣ የበር እጀታ፣ ፍሬቻ፣ ዲናሞ ሳይቀር ከዚያ ገዝቻለሁ። የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ጎማ ቱቦ፣ ቤልትና የመንገድ ጎማ ግን ያገለገለ አልገዛም። አዲስ ጎማ ስትገዙም ጎኑ ላይ ከዶት ምልክቱ በኋላ ያሉትን የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች እዩ። 2319 ቢል በፈረንጆች 2019፣ በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ያልተነካ ሆኖ መጋዘን ውስጥ ያረጀ ጎማ አለ።

አሁን መኪናዋ እንደ ታካሚ የራሷ ካርድ አላት። ዳሽቦርድ ውስጥ የማስቀምጠው ደብተር ነው፦ ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ ምን እንደተቀየረ፣ ስንት እንደወጣ። አዲስ መካኒክ ጋ ስሄድ ደብተሩን አብሬ እሰጠዋለሁ። «እስቲ ይለወጥና እንየው» የሚለው ነገር በጣም ቀንሷል። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ደግሞ ስምንት ሆነን የመኪና እቁብ ጀምረናል። ዕጣ የወጣለት ሰው መኪናው ደኅና ከሆነች፣ ፍሬን ወይም ጎማ ለቸገረው ይለቅለታል። ይህ ሕጋችን ነው።

የዓባይ በረሃውን ነገር ለብዙ ሰው አላወራሁትም ነበር። ያፍርበታል ሰው። ታካሚዎቼን «ለምን እስካሁን ቆየህ?» እያልኩ የምቆጣ ሐኪም፣ የተነገራትን ሰምታ እናቷንና ልጆቿን ጭና ቁልቁለት ወርዳለች። ዛሬ የነገርኳችሁ ከመካከላችሁ «ከፋሲካ በኋላ» ብሎ ያቆየው ነገር ያለው ሰው እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው።

ብዙዎቻችሁ ነገ ረጅም መንገድ ትመለሳላችሁ። ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት ኮፋኖውን ክፈቱ፤ ዘይቱን፣ ውኃውንና የፍሬን ዘይቱን እዩ። ከዚያ ሞተሩን አስነስታችሁ ፔዳሉን አጥብቃችሁ ረግጣችሁ ያዙት። ቀስ እያለ ከሰመጠ ጉዞው ይቆይ። ቤተሰብ ቢዘገይባችሁ ይጠብቃችኋል።

በሰላም ግቡ።