የቃልን መጨረሻ የሚደግም ልጅ አያፌዝም

ለዛሬ ስለ ልጆቻችን አንደበት እናወጋለን።

መንተባተብን ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጁ የቃሉ መጀመሪያ ላይ ይያዝና «ደ-ደ-ደብተር» ይላል። ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ አብዛኞቹንም ልጆች እያደጉ ሲሄዱ ይተዋቸዋል። ነገር ግን ለትምህርት በደረሱ አንዳንድ ልጆች ላይ ለየት ያለ ነገር ይታያል። ቃሉን በደህና ከጨረሱ በኋላ መጨረሻውን ይደግሙታል፤ «ደብተር-ተር ረሳሁ-ሳሁ» ይላሉ። ፊታቸው አይጨነቅም፤ ብዙዎቹም መድገማቸውን ልብ አይሉትም። ይህ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ይታያል፤ ሌላ ምንም ችግር በሌለባቸው ላይም ያጋጥማል።

ክፋቱ ለሚንተባተበው ልጅ የሚያዝነው ሰው፣ ይህኛውን «እያፌዘብኝ ነው» ብሎ ይቆጣዋል። በምሥራቅ ጎጃም እንደ ጉንደ ወይን ባለች ከተማ የሚያድግ የሙስሊም ልጅ ጠዋት ክፍል ውስጥ ቆሞ ያነባል፣ ከሰዓት መድረሳ ገብቶ ይቀራል። በሁለቱም ቦታ ከተሳቀበት የሚማረው ዝምታን ነው።

ነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ) ወደ ፊርዐውን ሲላኩ የምላሳቸው ቋጠሮ እንዲፈታላቸው አላህን (ሱ.ወ) መለመናቸውን፣ ወንድማቸው ሃሩንም (ዐ.ሰ) ረዳት እንዲሆኗቸው መጠየቃቸውን በሱረቱ ጣሃ እናገኛለን። ቁርኣንን እየተንተባተበና እየከበደው የሚቀራ ሰው ሁለት ምንዳ እንዳለው ደግሞ ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የተላለፈው ሐዲስ ያስተምረናል። ታዲያ ሁለት ምንዳ የተነገረለትን አንደበት እኛ በአለንጋ ልናቀናው ይገባልን?

ወላጆች፣ መምህራንና ኡስታዞች ሆይ! «አስተካክለህ ድገም» አንበለው። እስኪጨርስ በትዕግሥት እናዳምጠው፤ የምንመልስለትም ለተናገረው ነገር እንጂ ለአነጋገሩ አይሁን። ጓደኞቹ ሲስቁበት እናስቁም። የትኞቹን ቃላት፣ መቼ እንደሚደግም እንመዝግብ፤ ስልክ ያለን ድምፁን እንቅዳለት፤ ለሚመረምረው ባለሙያ ይጠቅማል። ድግግሞሹ ከበረታ ወደ ጤና ጣቢያ ወስደን ጆሮውም እንዲታይ እናድርግ፤ ካስፈለገም ወደ ደብረ ማርቆስ ሪፈር እናጽፍለት። ጭንቅላቱን ከተመታ ወይም ራሱን ስቶ ከወደቀ በኋላ በድንገት የመጣ ከሆነ ግን አንድ ቀን እንኳ አናሳድር።

ልጅ አማና ነው፤ አንደበቱም የአማናው ክፍል ነው። አላህ አማናችንን የምንጠብቅ ያድርገን።