ስምንት ጆንያ ከነምርቃቱ

ከተማችን ስሟ ሚዛን ነውና ዛሬ ስለ ክብደት ባወራ አይግረማችሁ።

ፓወርሊፍቲንግ የሚባለው ውድድር ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ ብረት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ በጀርባ ተኝቶ ከደረት መግፋት፣ ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም። ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ ነጭ መብራት ካበሩ ተቆጠረ ማለት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ኤዲ ሆል በጉልበተኞች ውድድር ላይ 500 ኪሎ ከመሬት አነሳ። ወደ ውጭ የሚላከው የቡና ጆንያ 60 ኪሎ ነው፤ በእኛ ሂሳብ ስምንት ጆንያ፣ ከ20 ኪሎ ምርቃት ጋር።

እኔን የሚገርመኝ ግን የመጋዘኑ ወዛደር ነው። ሁለት ሰዎች ጆንያውን ትከሻው ላይ ያሳርፉለታል። ጉልበቱ ትንሽ ይታጠፋል፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ በሳንቃው ወደ መኪናው ይወጣል። ሳንቃው ይለምጣል። አራግፎ ይመለሳል፤ ደግሞ ይሸከማል። ሆል እንኳ አንዴ አንስቶ አስቀመጠ!

ለዚህኛው ነጭ መብራት የለም። መኪናው አጠገብ የቆመው ቆጣሪ በእስክሪብቶ አንዲት ሰረዝ ይጭራል፤ አምስተኛዋን በአራቱ ላይ ያጋድማታል።