በአንድ ገመድ ሁለት ሰው



እኔን እዚህ ፊት የለመዳችሁኝ የሂሳብ ሪፖርት ሳነብ ነው። ሊቀመንበራችን ግን «ስለዚያ ስለ ዋናና ሩጫሽ ንገሪን» ስላሉኝ ዛሬ ስለ ስዊምራን ልናገር ነው። ቁጥር ካበዛሁ የሥራ ልማድ ነውና ይቅርታ።

ይህ ስፖርት የተወለደው እዚሁ ስቶክሆልም አጠገብ ባሉት ደሴቶች ላይ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2002 ጓደኛሞች ኡቶ ደሴት ላይ ሲያመሹ፣ ከደሴት ደሴት እየዋኙና እየሮጡ ሳንድሃምን ለመድረስ ተወራረዱ። ሁለት ሁለት ሆነው ወጡ፤ ከአንድ ቀን በላይ ፈጀባቸው። በ2006 ውድድር ሆነ። ትልቁ ውድድር ለዓመታት ወደ 75 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 10 ኪሎ ሜትር ያህሉ ዋና ነበር። ልብስ መቀየር የለም። በጫማ ይዋኛል፣ በላስቲኩ የዋና ልብስ ይሮጣል። ጥንዶቹ ከ10 ሜትር በላይ መራራቅ አይፈቀድላቸውም።

እኔ የሞከርኩት ለጀማሪዎች የሚዘጋጀውን አጭሩን ነው። ደግሞ ዋና ለስፖርት ብዬ አልጀመርኩትም። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ በሬሳ ሲሞላ እናቴ ከደጅ አታስወጣንም ነበር። እዚህ ግን ልጆች ስድስተኛ ክፍልን ሲጨርሱ 200 ሜትር፣ ከዚያውም 50ውን በጀርባ፣ መዋኘት ይጠበቅባቸዋል። ልጄ ይህን አሟላች። በበጋ ሐይቅ ዳር ፎጣ ይዤ ስጠብቃት፣ «አሁን ብትሰጥም ምን አደርጋለሁ?» እያልኩ ሆዴ ይላወስ ነበር። በ33 ዓመቴ ማታ ማታ ዋና መማር የጀመርኩት ስለዚህ ነው። ሁለት ክረምት ፈጀብኝ።

ከዚያ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ጥንድ ሁኚኝ» አለችኝ። ኢትዮጵያዊት ስለሆንኩ እንደ ደራርቱ የምሮጥ መስሏት ነበር። ቶሎ ተረዳችው።

ችግሩን ልንገራችሁ። ውሃው 14 ዲግሪ ነበር፤ ፊቴን ስነክር ትንፋሼ ቀጥ አለ። ጫማ ውሃ ሲሞላ እግር ወደ ታች ይጎትታል። ከውሃ ስትወጡ ድንጋዩ አልጌ የያዘ ነው፣ ያንሸራትታል፤ ጉልበቴ ላይ ያለው ጠባሳ ከዚያ የመጣ ነው። ላስቲኩ ደግሞ ሰውነት ላይ ተጣብቆ ሁሉን ነገር ያሳያል፤ መጀመሪያ ቀን አፍሬ ከመኪና አልወርድም ብዬ ነበር። የፀጉራችንን ጣጣ ሳላነሳ ልለፈው። ልብሱን ያገለገለ ገዛሁ፤ አዲሱ ለእኔ ደመወዝ አይሆንም።

ታዲያ ምኑ ይስባል? እኔን የሳበኝ ገመዱ ነው። ደካማዋ ከጠንካራዋ ወገብ ጋር በገመድ ትታሰራለች። በሦስተኛው ዋና ማዕበሉ አፌን ሲሞላው ፍርሃት ያዘኝ፤ እጄ አልታዘዝ አለ። ገመዱ ላላ። ባልደረባዬ ተመልሳ ነበር የላላው። ምንም አልተናገረችም፤ በጀርባዬ እስክንሳፈፍና ትንፋሼ እስኪመለስ ጠበቀችኝ። ሌሎች ጥንዶች አለፉን።

አልጨረስነውም። የሰዓት ገደቡ በአሥር ደቂቃ አለፈብንና አስቆሙን። ዓመት ሙሉ ስትዘጋጅ የነበረችው እሷ ናት፤ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። ይቅርታ ስጠይቃት ትንሽ ዝም አለች። ቅር አላላትም ብዬ አልዋሻችሁም። በሳምንቱ ግን ልምምዱን የት እንደምንቀጥል ጠየቀችኝ።

እትዬዎች፣ ደሴት አቋርጡ አልላችሁም። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ብቻችሁን አትግቡ፤ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለባችሁ አስቀድማችሁ ሐኪም ጠይቁ። ነገር ግን ሐይቅ ዳር እንደ እኔ ፎጣ ይዛችሁ የምትጠብቁ እናቶች እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ማክሰኞ ማታ እኔ የተማርኩበት ገንዳ አብሬያችሁ እሄዳለሁ። እስካሁን ሦስት ተመዝግበዋል። ጥልቀት በሌለው በኩል ነው የምንጀምረው፤ ፎጣና የፀጉር ቆብ ይዛችሁ ኑ።