ቃል እስከ መጨረሻው ወንበር
ለሰፊ አዳራሽ የጥሩንባ ድምፅ ማጉያ ስለ መምረጥ የቀረበ ንግግር



በብዙ የአገራችን ከተሞች የዕድር ጥሩንባ ነፊ በማለዳ ተነሥቶ መርዶ ሲያሰማ፣ ድምፁ ሰፈር አልፎ ሰፈር ይደርሳል። ለዚህ ሁሉ የሚያወጣው ኀይል የአንድ ሰው እስትንፋስ ብቻ ነው። ከከንፈር ዘንድ የጠበበው ቱቦ ወደ አፉ እየሰፋ ስለሚሄድ፣ በጠባቡ ጫፍ ያለው ብርቱ ግፊት ከውጭው አየር ጋር ቀስ በቀስ ይዛመዳል፤ ኀይሉም ብዙ ሳይባክን ይወጣል። የጥሩንባ ድምፅ ማጉያ የተመሠረተውም በዚሁ ሕግ ላይ ነው።

በዋግ ኽምራ፣ የደሃና ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በአምደወርቅ ለሚሠራ የስብሰባ አዳራሽ መሣሪያ የሚመርጥ መሐንዲስ ይህን ሕግ ሊዘነጋው አይገባም። እንደዚህ ባለ ከተማ የኤሌክትሪክ መሥመር ቢቋረጥም ጉባኤው አይበተንምና፣ ድምፅ ማጉያው በባትሪ ውሎ ማደር ይኖርበታል። የመሬት ክርክር ቢሆን፣ ዕርቅ ቢሆን፣ የእህል ድልድል ቢሆን፣ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ ተጉዞ ዘግይቶ የደረሰው ሰው የሚያገኘው ቦታ ከኋላ ነው። ጉዳዩ ግን ከፊት ከተቀመጠው ሰው ጉዳይ አያንስም።

ሕዝቡ በጣሊያኑ ፋብሪካ ስም ሞንታርቦ እያለ የሚጠራው መሣሪያ ሲገዛ፣ አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሚጠየቀው ስንት ዋት እንደሆነ ነው። ነገር ግን ዋት መሣሪያው የሚበላውን እንጂ የሚሰጠውን አይናገርም። ጥሩንባ የሌለው ተራ ስፒከር ከተቀበለው ኤሌክትሪክ ወደ ድምፅ የሚለውጠው 1 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ በሚገባ የተሠራ ጥሩንባ ግን ከ10 እስከ 30 በመቶ ሊለውጥ ይችላል። በተጨማሪም ድምፁን ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰበስባል። አንደኛው በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 88 ዴሲቤል ቢሰጥና ሌላው 105 ቢሰጥ፣ የ17 ዴሲቤሉ ልዩነት በኀይል ሲታሰብ 50 እጥፍ ነው። ስለዚህ ጥሩንባው በ2 ዋት የሚሠራውን ሌላው በ100 ዋት ይሠራዋል ማለት ነው።

ይህ በባትሪ ይተርጐም። ባለ 12 ቮልትና 100 አምፔር ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ እንዳይጎዳ ግማሹ ብቻ ቢሠራበት፣ 600 ዋት ሰዓት ይገኛል። አምፕሊፋየሩ ለራሱ 16 ዋት የሚፈልግ፣ ለስፒከሩ ከሚስበውም ግማሹን የሚያደርስ ቢሆን፣ ባለ 100 ዋቱ አሠራር ሦስት ሰዓት አይሞላም፤ ባለ 2 ዋቱ ግን 30 ሰዓት ይሠራል።

ሆኖም ድምፅ መብዛቱ ብቻ ቃልን አያሰማም። በአማርኛ «መጣ» እና «መታ» የሚለዩት በአንዲት ተነባቢ ነው። በሸንጎ ፊት ምስክሩ «መጣ» ሲል ከኋላ «መታ» ተብሎ ቢሰማ ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም። ርዝመቱ 30፣ ስፋቱ 20፣ ከፍታው 6 ሜትር፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው በስሚንቶ የተለሰነ አዳራሽ ይታሰብ። ድምፁ አስተጋብቶ እስኪጠፋ 2 ሰከንድ ቢፈጅ፣ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ከሚረጭ ስፒከር በቀጥታ የመጣው ድምፅ ከግድግዳ ከተመለሰው ጋር እኩል የሚሆነው በ2.4 ሜትር ርቀት ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ማስተጋባቱ ይበልጣል። ኀይሉን አሥር እጥፍ አድርጎ ወደ አድማጩ የሚሰበስብ ጥሩንባ ግን ይህን ርቀት ወደ 7.6 ሜትር ያደርሰዋል። ስለዚህ ጥሩንባው ከፍ ብሎ ተሰቅሎ፣ አፉ ወደ ሕዝቡ ዝቅ ማለት አለበት፤ ጋቢ የለበሰ ሕዝብ ድምፅን ይውጣል፣ ቆርቆሮ ግን ይመልሳል።

ጥሩንባም ጉድለት አለው። የአፉ ዙሪያ ቢያንስ ከድምፁ የሞገድ ርዝመት ጋር መመጣጠን ስላለበት፣ እስከ 300 ሄርትዝ ለመውረድ 36 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ እስከ 100 ሄርትዝ ለመውረድ ግን 1.1 ሜትር ያህል የአፍ ስፋት ይጠይቃል። ለደጅ የተሠራው ትንሽ ጥሩንባ የተናጋሪውን ድምፅ በአፍንጫ የወጣ የሚያስመስለው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ወፍራሙን ድምፅ በሣጥን ለተገጠመ ሰፊ ስፒከር፣ ቀጭኑን ለጥሩንባ ማካፈል ነው።

ይህ አሠራር አዲስ አይደለም። ራይስና ኬሎግ የተባሉት አሜሪካውያን መሐንዲሶች ጥሩንባ የሌለውን ስፒከር በ1925 እ.ኤ.አ. ካስተዋወቁ በኋላ እንኳ፣ በ1930ዎቹ የነበሩ ታላላቅ ሲኒማ ቤቶች በጥቂት ዋት የቱቦ አምፕሊፋየር አዳራሻቸውን የሞሉት በጥሩንባ ነበር። በኋላ ትራንዚስተር ዋትን አረከሰው፤ ጥሩንባውም ከብዙ ቤት ወጣ። በባትሪ በሚሠራ አዳራሽ ግን ዋት ዛሬም ውድ ነው፤ የጥንቱ ስሌትም በቦታው አለ።

እንግዲህ መሣሪያ የሚመርጥ ባለሙያ የአምፕሊፋየሩን ቁልፍ ከመንካቱ በፊት ሄዶ ከመጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጥ። ከመድረኩ «መጣ» ሲባል «መጣ» ብሎ ከሰማ ምርጫው ተሳክቷል፤ ካልሰማ ግን ተጨማሪ ዋት ከመግዛቱ በፊት የጥሩንባውን አፍ አቅጣጫ ይመርምር።